መነፅር ያስጣሉት ሐኪም

መነፅር ማድረግ የሰለቸው ሰው የዓይን ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ አለ። ሌዘር የሚባለው ሕክምና መነፅሬን ያስጥለኛል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር መስታወቱን መጥረግ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ከሁሉ አስቀድሞ መነፅርን በእጅ ዳብሶ መፈለግ፣ ሲሰበር ወይም ሲጫር እንደገና ወጪ ማውጣት ያታክታል።

መልሱን ከማሽኑ ከመጀመር ከሰው መጀመር ይሻላል ብለናል። ሌዘር ወደ ዓይን ሕክምና ከመግባቱ በፊት በሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መነፅር ያስጣሉ፣ በዚህም ዓለም ያወቃቸው አንድ ሐኪም ነበሩ። ስማቸው ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ ይባላል። በሶቪየት ኅብረት ዘመን ወደዚያ ሄደው ለተማሩ ወገኖቻችን ስሙ እንግዳ ላይሆን ይችላል። የእኚህ ሰው ሕይወት ዛሬ ሌዘር ለመሠራት ለሚያስብ ሰው ብዙ የሚነግረው ነገር አለ። ያስገኙት ውጤትም፣ ከዓመታት በኋላ የታየው ጉድለትም ለዛሬው ሕክምና መነሻ ሆኗልና። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ስለ ዓይናችን ጥቂት እንበል። ዓይን ብርሃንን ሰብስቦ ከኋላ በኩል ባለው ሬቲና በሚባል ስስ ሽፋን ላይ ያሳርፋል። ከዚህ የመሰብሰብ ሥራ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚያከናውነው ኮርኒያ ነው። ኮርኒያ ማለት ከዓይናችን ጥቁር ክፍል ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስታወት የተደፋው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። ቀሪውን ሥራ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ይሠራዋል። የዓይን ኳስ ከልኩ በላይ ሲረዝም ወይም ኮርኒያው ከመጠን በላይ ሲጎብጥ ብርሃኑ ሬቲናው ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይሰበሰባል። እንዲህ ያለው ሰው መጽሐፍ በቀላሉ ያነባል፤ የሚመጣውን አውቶቡስ ቁጥር ግን አይለይም። ይህ ማዮፒያ ይባላል። ዓይኑ ሲያጥር ደግሞ በተቃራኒው ቅርብ ያለው ነገር ያስቸግራል። የኮርኒያው ጉብታ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልሆነ ምስሉ ይዛባል፤ ይህም አስቲግማቲዝም የሚባለው ነው። መነፅር ከፊት ሆኖ ይህንን ስህተት ያቃናል። ፊዮዶሮቭ ግን መነፅሩን ትተው ኮርኒያውን ራሱን ማቃናትን መረጡ።

ፊዮዶሮቭ የተወለዱት ኦገስት 8 ቀን 1927 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 1919 መሆኑ ነው። የትውልድ ከተማቸው በዚያን ጊዜ ፕሮስኩሮቭ፣ ዛሬ ክሜልኒትስኪ የምትባለው የዩክሬን ከተማ ናት። አባታቸው በቀይ ጦር ውስጥ ከፍ ያለ ማዕረግ የነበራቸው ፈረሰኛ አዛዥ ነበሩ። ልጁ 11 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1938፣ አባት በስታሊን ዘመን በነበረው የጅምላ እስር ተይዘው ወደ ካምፕ ተላኩ። የሕዝብ ጠላት የተባለ ሰው ልጅ ሆኖ በዚያ አገር ማደግ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ወጣቱ ግን ሐኪም የመሆን ሐሳብ አልነበረውም። ምኞቱ አውሮፕላን አብራሪ መሆን ነበር። በጦርነቱ መገባደጃ ላይ በሮስቶቭ የአየር ኃይል መሰናዶ ትምህርት ቤት ገባ። በ1945 በትራም ላይ በደረሰበት አደጋ ግን ግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አጣ። ገና 18 ዓመት አልሞላውም ነበር። የአብራሪነት ሕልሙ በዚያው ቀረ። ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመለት፤ መዋኘትንና ፈረስ መጋለብን ግን አልተወም። ወደ በኋላ ለምን በዓይን ሕክምና ላይ እንደዚያ እንደተጉ የሚጠይቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ታሪክ ይመለሳሉ። አካል የጎደለው ሰው የሌላው ጉድለት ቶሎ ይሰማዋል የሚለው ግምት አሳማኝ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ይበልጥ የሚታየው ሌላ ጠባያቸው ነው። አይቻልም ሲባሉ ወደ ኋላ አይሉም ነበር። ይህ ጠባይ ሁልጊዜ በጎ ነው ማለት እንዳልሆነ ወደ ታች እናያለን።

ፊዮዶሮቭ በሮስቶቭ ሕክምና ኢንስቲትዩት ተምረው በ1952 ተመረቁ። ሥራ የጀመሩት የደራሲው ሚካኤል ሾሎኮቭ መኖሪያ በሆነችው ቬሸንስካያ በተባለች የገጠር መንደር ሲሆን፣ ከዚያም በኡራል አካባቢ በምትገኘው ሊስቫ ሠርተዋል። በ1958 ወደ ቼቦክሳሪ ከተማ ተዛወሩ። ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳው እዚህ ነው።

በዚያን ዘመን የዓይን ሞራ ግርዶሽ የያዘው ሰው ሲታከም የደፈረሰው ሌንስ ይወጣለታል እንጂ ምትክ አይገባለትም ነበር። በምትኩ እንደ ጠርሙስ ታች የወፈረ መነፅር ይሰጠዋል። በ1949 ለንደን ውስጥ ሃሮልድ ሪድሊ የተባሉ ሐኪም አንድ ነገር አስተውለው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸው አብራሪዎች ነበሩ፤ ፕላስቲኩ ግን ዓይናቸውን አላስቆጣውም። ሪድሊ ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርተው በሕሙማን ዓይን ውስጥ አስቀመጡ። የሙያ ጓደኞቻቸው ግን አልተቀበሏቸውም። ፊዮዶሮቭ ይህንኑ ሐሳብ ይዘው በ1960 የዓይን ሞራ ይዟት በተወለደች ልጅ ዓይን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ አስገቡ። ለሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው ነበር።

ሽልማት ጠብቀው ከነበረ ያገኙት ሌላ ነው። ሥራው ከሳይንስ የራቀ ነው ተብሎ ከሥራ ተሰናበቱ። ወደ ሥራቸው የተመለሱት ኢዝቬስቲያ የተባለው ጋዜጣ ዘጋቢ አናቶሊ አግራኖቭስኪ ጉዳዩን ተከታትሎ ከጻፈ በኋላ ነው። በ1961 ወደ ሰሜኗ አርካንጌልስክ ሄደው የሕክምና ኢንስቲትዩቱን የዓይን ክፍል መሩ፤ በ1967 ደግሞ ሞስኮ ገቡ። ዛሬ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አዛውንት በማግሥቱ ፋሻው ተፈትቶ የልጅ ልጁን ፊት ሲያይ ዓይኑ ውስጥ ያለው ሌንስ የእነዚያ ያልታመነባቸው ሐኪሞች የሥራ ውጤት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ሞስኮ ውስጥ እየተነገረ የኖረው ታሪክ እንዲህ ይላል። ከሩቅ ማየት የሚቸግረው አንድ ተማሪ ከጓደኛው ጋር ተጣልቶ በቡጢ ይመታል፤ የመነፅሩ መስታወት ተሰብሮ ኮርኒያውን ይቆርጠዋል። ልጁ ወደ ፊዮዶሮቭ ዘንድ ይወሰዳል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሲለካ የልጁ ዕይታ ከአደጋው በፊት ከነበረው የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ የመስታወቱ ስብርባሪ የቆረጣቸው ቦታዎች ኮርኒያውን ጠፍጠፍ አድርገውት ነበርና። ታሪኩ በየመጽሔቱ ሲደጋገም ተውቦ ሊሆን ይችላል፤ ከእሱ የተወሰደው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው። መስታወት በአጋጣሚ ያደረገውን ሐኪም አስልቶ ሊያደርገው ይችላል ወይ የሚል ነው።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ከፊዮዶሮቭ በፊትም ነበር። በጃፓን ሳቶ የተባሉ ሐኪም በ1930ዎቹና ከዚያም በኋላ ኮርኒያን ከውጭም ከውስጥም በኩል እየቆረጡ ማዮፒያን ለማቃናት ሞክረዋል። መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ያማረ መሰለ። የኮርኒያ የውስጠኛው ገጽ ግን ውኃ እንዳይጠራቀምበት የሚጠብቁት፣ አንዴ ከሞቱ የማይተኩ ሕዋሳት አሉት። በሳቶ ቢላ እነዚያ ሕዋሳት ተጎድተው ነበር። ብዙዎቹ ታካሚዎች ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ኮርኒያቸው አብጦ ደፈረሰ። ይህን ታሪክ ያስታውሱት፤ በዓይን ሕክምና ውስጥ የጊዜን ነገር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ፊዮዶሮቭ የውስጡን ገጽ ትተው ከውጭ በኩል ብቻ መቁረጥን መረጡ። ከ1974 ጀምሮ የሠሩበት ይህ ዘዴ ሬዲያል ኬራቶቶሚ ይባላል። የኮርኒያው መሐል፣ የምናይበት ክፍል፣ አይነካም። ከመሐሉ ዙሪያ ወደ ዳር እንደ ብስክሌት ጎማ ራጂዎች የተሰለፉ ጥልቅ መስመሮች ይቆረጣሉ፤ መጀመሪያ እስከ 16፣ በኋላ 8፣ ከዚያም 4። የኮርኒያ ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ነው የሚበልጠው። ቢላው ከዚህ ውስጥ ዘጠና በመቶውን ያህል ዘልቆ መቆም ነበረበት፤ ትንሽ ካለፈ ዓይኑ ይበሳል፣ ትንሽ ካነሰ ውጤት የለም። መጀመሪያ የተጠቀሙበት መሣሪያ የምላጭ ስባሪ ነበር፤ የአልማዝ ቢላ የመጣው ቆይቶ ነው። መስመሮቹ ሲቆረጡ የኮርኒያው ዳር ይደክማል። ጎኑ የደከመ የመኪና ጎማ በአየሩ ግፊት እንደሚያብጥ ሁሉ፣ ዳሩ በዓይን ውስጣዊ ግፊት ወደ ውጭ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ መሐሉ ጠፍጠፍ ይላል። ብርሃኑም ወደ ኋላ ሸሽቶ ሬቲናው ላይ ያርፋል።

ውጤቱን ሰው በዓይኑ አየው። ከልጅነቱ ጀምሮ መነፅር ያልተለየው ሰው በማግሥቱ መነፅሩን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ጀመር። በ1980 ፊዮዶሮቭ የሞስኮ የዓይን ረቂቅ ቀዶ ሕክምና ምርምር ኢንስቲትዩት ኃላፊ ሆኑ፤ በ1986 ተቋሙ በአገሪቱ ከአስር በላይ ቅርንጫፎች ያሉት ትልቅ ማዕከል ሆነ።

በዚያን ጊዜ ዓለምን ያስደነቀው የሥራው አደረጃጀት ነው። ታካሚዎች ተንቀሳቃሽ አልጋ ላይ ተኝተው እንደ ፋብሪካ ዕቃ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ይሻገራሉ። አንዱ ሐኪም አንድን ሥራ ብቻ ይሠራል፤ አንዱ ይለካል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ የመጨረሻው ይመረምራል። የውጭ ጋዜጠኞች እየመጡ ይህን ቀረጹ። ገሚሱ ሰው ሰብአዊነት የጎደለው ነው አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ወረፋ ሲጠብቅ ለሚታወር ድሀ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የት ይገኛል ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ወገን የሚያስኬድ ነገር አለው። በርካታ ሕሙማንን በአንድ ቀን ማከም ለሞራ ግርዶሽ ትልቅ በረከት ነው፤ በአገራችንም የዓይን ሞራ ዘመቻ የተደረገበት ከተማ ነዋሪ ይህን ያውቀዋል። መነፅር ማስጣል ግን ሌላ ነገር ነው። የሞራ ታካሚ የታመመ ዓይን ይዞ ይመጣል። ማዮፒያ ያለበት ሰው ደግሞ በመነፅር ጥርት አድርጎ የሚያይ ጤነኛ ዓይን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የኋለኛው ሊያጣ የሚችለው ነገር ይበልጣል።

ማዕከሉ ሠራተኞቹን እንደ ውጤታቸው ይከፍል ነበር፤ ይህ በዚያ ሥርዓት ያልተለመደ ነው። ሆቴል ነበረው፣ እርሻ ነበረው፣ ታላቁ ጴጥሮስን በሚያስታውስ ስም የተጠራች መርከብ ላይ የተቋቋመ የዓይን ሕክምና ክፍልም ነበረው፤ መርከቧ እስከ ባሕረ ሰላጤው አገራት ድረስ እየሄደች በውጭ ምንዛሪ ታክም ነበር። ፊዮዶሮቭ በ1987 የሶሻሊስት ሥራ ጀግና ተባሉ።

ዘዴው ወደ አሜሪካ የገባው በ1978 ነው። ሞስኮ ሄዶ ያየ አንድ ሐኪም ሲመለስ መሥራት ጀመረ፤ ብዙ ሳይቆይ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። አሜሪካውያን የመንግሥት የምርምር ድጋፍ ይዘው አንድ ቁም ነገር ሠሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዘጠኝ ማዕከላት ስምንት መስመር የተቆረጠላቸውን ሰዎች መዝግበው ለአሥር ዓመት ተከተሏቸው። ውጤቱ በ1994 ወጣ። አብዛኞቹ ሰዎች ያለ መነፅር ጥሩ ያዩ ነበር፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ከመቶው ዓይን 43ቱ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንድ የመነፅር ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ተንሸራቶ ተገኘ። ኮርኒያው መጠፍጠፉን አላቆመም ነበር። ሩቅ ለማየት የተሠራው ሰው ቀስ በቀስ ቅርቡም ሩቁም የሚደበዝዝበት ሆነ።

ምክንያቱ የኮርኒያ ተፈጥሮ ነው። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ጥርት ያለውም ለዚሁ ነው። በዚህ የተነሳ ጥልቅ ቁስሉ ቀስ ብሎ ይድናል፣ የቀድሞ ጥንካሬውንም አያገኝም። መስመር የተቆረጠላቸው ሰዎች ጠዋትና ማታ ዕይታቸው ይለያይ ነበር፤ ሌሊት የመኪና መብራት እንደ ኮከብ ተበትኖ ይታያቸዋል፤ ከዓመታት በኋላ በኳስ ወይም በክርን የተመቱ አንዳንዶች ዓይናቸው በድሮው መስመር ላይ ተተርትሯል። በግንቦት 1996 ኤቨረስት ተራራ ላይ በደረሰው አደጋ የተረፈው አሜሪካዊ ሐኪም ቤክ ዌዘርስ ይህ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ሳሳ፤ ኦክስጅን ያነሰው ኮርኒያው ቅርጹን ለወጠ፤ ጫፍ ሳይደርስ ማየት ተሳነው።

ፊዮዶሮቭ የሠሩት ከንቱ ነበር ማለት ግን አይደለም። ኮርኒያን በመቅረጽ መነፅር ማስጣል እንደሚቻል ለዓለም ያሳየው የእሳቸው ዘዴ ነው። ጥፋቱ ምን ነበር ከተባለ፣ አሥር ዓመት የሚፈልገውን ጥያቄ በአሥር ቀን ውጤት መመለስ ነበር። ያ ቸኩሎ የመተማመን ነገር ሞስኮ ብቻ አልነበረም፤ አሜሪካ ውስጥም ጥናቱ ሳያልቅ ብዙ መቶ ሺህ ዓይን ተቆርጧል።

ምላጩን የተካው ሌዘር የተገኘው ለዓይን ሳይታሰብ ነው። በ1981 በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው የአይ ቢ ኤም ቤተ ሙከራ፣ ሕንድ ተወልደው ያደጉት ስሪኒቫሳን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ኤክሳይመር የተባለ ሌዘር በሕያው ነገር ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት ፈለጉ። ስሪኒቫሳን ከበዓል የተረፈ የቱርክ ዶሮ ሥጋ ይዘው መጡ፤ ጨረሩ ዙሪያውን ሳያቃጥል ንጹሕ አድርጎ ቆረጠው። በ1983 ከዓይን ሐኪሙ ትሮከል ጋር ሆነው በኮርኒያ ላይ ያለውን ውጤት አሳተሙ። አንዱ የጨረር ምት የሚያነሳው የሚሊ ሜትርን አንድ ሺህኛ ሩብ ያህል ነው። እጅ ያንን ማድረግ አይችልም።

ልዩነቱ ከመሣሪያው ይልቅ በአሠራሩ ነው። ምላጩ ኮርኒያውን ዳር ዳሩን አድክሞ በራሱ እንዲጠፈጠፍ ይተወዋል፤ ሌዘሩ ግን ከመሐሉ ላይ የታሰበውን ያህል ልጦ ያነሳል። ጥልቅ ስንጥቅ ስለማይተው እንደ ድሮው አይንሸራተትም። በ1995 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን የሌዘር ዘዴ ፈቀደ፤ በዚህ ዘዴ የኮርኒያው ላይኛ ስስ ቆዳ ተነስቶ ጨረሩ ያርፋል፤ ለጥቂት ቀናት ያማል፣ ዕይታውም ቀስ ብሎ ነው የሚስተካከል። በግሪክ ቀርጤስ ደሴት ፓሊካሪስ በ1990 ገደማ ላሲክ የተባለውን አመጡ፤ ስስ ክዳን ተከፍቶ ከሥሩ በሌዘር ይሠራና ክዳኑ ይመለሳል። ሕመሙ ትንሽ ነው፣ ብዙው ሰው በማግሥቱ ያያል፤ ክዳኑ ግን ከባድ ምት ከደረሰበት ሊነሳ ይችላል። ቦክስና ትግል የመሰለ ስፖርት ለሚያዘወትር ሰው ሐኪሞች የመጀመሪያውን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ሁለቱም በጠብታ ማደንዘዣ፣ ታካሚው ነቅቶ ሳለ የሚደረጉ ናቸው፤ ጨረሩ ራሱ የሚወስደው ለአንድ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው።

እንግዲህ መሠራት የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? አገር ውስጥም ሆነ ውጭ አገር ሄዶ ቢሆን ከሁሉ በፊት ዕድሜውንና የመነፅር ቁጥሩን ይመልከት። ከ18 ዓመት በታች አይሠራም፤ ዓይን ገና እያደገ ነውና። ቁጥሩ ባለፈው አንድ ዓመት ከተቀየረ ሌላ ዓመት መጠበቅ ይገባል፤ ዛሬ በልኩ የተቀረጸ ኮርኒያ የነገውን ለውጥ አይከተልም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይቆዩ፤ በእነዚህ ወራት ቁጥሩ ይዋዥቃል። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሕመምተኛ፣ የቁስል መዳንን የሚያዘገይ በሽታ ወይም መድኃኒት ያለበት፣ ዓይኑን ኸርፐስ ቫይረስ ይዞት የሚያውቅ ሰው ይህንን ለሐኪሙ መደበቅ የለበትም።

ትልቁ ምርመራ የኮርኒያ ነው። ውፍረቱ ይለካል፣ ቅርጹ በኮምፒውተር እንደ ተራራ ካርታ ይነሳል። ምክንያቱም ኬራቶኮነስ የሚባል በሽታ አለ፤ ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ቆብ ወደ ፊት ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ተራ አስቲግማቲዝም ይመስላል። እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ሌዘር መሥራት የደከመውን ይበልጥ ማድከም ነው፤ ዕይታን መልሶ ለማግኘት የኮርኒያ ንቅለ ተከላ እስከሚያስፈልግ ሊያደርስ ይችላል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸውን በአለርጂ የሚያሳክካቸውና አጥብቀው የሚያሹ ሰዎች ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ የመነፅር ቁጥራቸው ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠናል። የኮርኒያ ካርታ ሳያነሳ ቀን የሚቆርጥልዎ ቦታ ካጋጠመዎ ተነስተው ይሂዱ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ከልኬቱ በፊት ለስላሳውን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ጠንካራውን ከዚያም ለበለጠ ጊዜ ማውለቅ አለበት፤ ሌንሱ ኮርኒያውን ስለሚጫነው ልኬቱን ያሳስታልና።

ከተሠሩ በኋላም የሚጠበቁ ነገሮች አሉ። የዓይን ድርቀት የተለመደ ነው፤ ለብዙዎች በወራት ውስጥ ይቀንሳል፣ ጥቂቶች ግን ጠብታውን ሳይተዉ ይኖራሉ። ሌሊት መብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታያቸው አሉ፤ የሌሊት ሾፌር ይህን አስቀድሞ ይመዝን። ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣው የማንበቢያ መነፅር አይቀርም፤ እሱ የሚመጣው ከውስጠኛው ሌንስ መድረቅ እንጂ ከኮርኒያ አይደለም። እንዲያውም ማዮፒያ ያለው ሰው መነፅሩን አውልቆ ያነብ የነበረውን ጋዜጣ ከተሠራ በኋላ ያለ መነፅር ላያነበው ይችላል። ሌላም አለ። ቁጥሩ ከፍ ያለ ማዮፒያ ያለው ሰው ዓይኑ ረጅም ስለሆነ ሬቲናው የመሳሳትና የመላቀቅ አደጋ አለበት። ሌዘር ፊቱን ያስተካክላል እንጂ ዓይኑን አያሳጥረውም። ብልጭታ ወይም ድንገት የበዛ ጥቁር ነጥብ ካየ፣ ያለ መነፅር ጥርት አድርጎ ቢያይም እንኳ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ቁጥራቸው በጣም ከፍ ላለ ወይም ኮርኒያቸው ለሳሳ ሰዎች ደግሞ የተፈጥሮው ሌንስ ሳይወጣ ከፊቱ ተጨማሪ ስስ ሌንስ የሚቀመጥበት ሕክምና አለ። ይህንንም በ1980ዎቹ ፊዮዶሮቭ ሞክረውታል፤ ዛሬ የሚሠራበት የተሻሻለው ዓይነት ከእሳቸው ሐሳብ የተወለደ ነው።

ፊዮዶሮቭ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፖለቲካ ውስጥ ገቡ። ሠራተኛው የሚሠራበት ድርጅት ባለቤት ይሁን የሚል ፓርቲ አቋቋሙ፤ የፓርላማ አባል ሆኑ፤ በ1996 ለሩሲያ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ከመቶ አንድ ያልሞላ ድምፅ አገኙ። ሕዝቡ ዓይኑን አምኖ ሰጣቸው፣ አገሩን ግን አልሰጣቸውም። ጁን 2 ቀን 2000፣ በእኛ ግንቦት 25 ቀን 1992፣ ታምቦቭ ከሚገኘው የማዕከላቸው ቅርንጫፍ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሄሊኮፕተር ሞስኮ ዳርቻ ላይ ወድቆ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ሞቱ። 72 ዓመታቸው ነበር። በወጣትነታቸው ማብረር የተከለከሉት ሰው የሞቱት በበረራ ላይ ነው።

በሞስኮ መስመር ላይ ተኝተው ያለፉት የ1980ዎቹ ወጣቶች ዛሬ የዓይን ሞራ የሚይዛቸው ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ሞራው ሲወጣ የሚገባላቸው ሰው ሠራሽ ሌንስ ፊዮዶሮቭ በ1960 ያስገቡት ዓይነት የልጅ ልጅ ነው። የሌንሱ ቁጥር የሚሰላው ግን ከኮርኒያው ጉብታ ስለሆነ፣ በምላጭ የተቆረጠ ኮርኒያ ስሌቱን ያሳስተዋል። በሌዘር የተሠራውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሌዘር የሚሠራ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተለካውን ቁጥርና የኮርኒያ ካርታ ግልባጭ ተቀብሎ እንደ ቤት ካርታ በጥንቃቄ ያስቀምጠው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሞራውን የሚያወጣለት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው።